የክርስትና ስምና የአደራ ወሰን

አደራ አንድ ሰው ንብረቱን ወይም ምሥጢሩን ሌላው እንዲጠብቅለት አምኖ የሚያስቀምጥበት ግንኙነት ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያን ዘንድ «አደራ በላ» መባል ከሌብነት የከፋ ነውር ሆኖ የሚቆጠረው ሌባ የማያውቀውን ሰው ሲሰርቅ አደራ በላ ግን ያመነውን ስለሚከዳ ነው። ስለ አደራ ጠባቂው ታማኝነት ብዙ ሲባል፣ አደራው ከመሰጠቱ በፊት መሰጠቱ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ይህ ጥያቄ ወረቀት ለብሶ ይመጣል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ከሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ የልደት፣ የጋብቻና የጥምቀት ምስክር ወረቀቶች ስካን ይደረጋሉ፣ ከአንዱ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላው ይቀየራሉ። ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ ቬክተር ነው፤ ፎቶግራፍ የነጥቦች ክምችት ሲሆን ቬክተር ግን መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚጎብጥና የት እንደሚያርፍ በቁጥር የሚናገር በመሆኑ፣ በቅጹ ዳር ያለው ሐረግ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይደበዝዝም። ኤስቪጂ የተባለው የዚህ ፋይል ደረጃ የጸደቀው በ2001 ነው።

በጥምቀት ምስክር ወረቀት ላይ ከመጠሪያ ስም ሌላ የክርስትና ስም ይሰፍራል። ይህን ስም ጠላት ለመተት እንዳያውለው ከሰው መሰወር የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ስሙን በጸሎቱ መካከል ማስገባት ስላለበት መጠየቁ ግድ ነው፣ ብራናውም ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል። የንስሐ አባትም ኃጢአቱን ሳይሰማ ቀኖና አይሰጥም፤ ተርጓሚም ሳያነብ አይተረጉምም። በሦስቱም ዘንድ ምሥጢሩ ለአገልግሎቱ አስፈላጊ ነውና አደራው እውነተኛ አደራ ነው። ፊደልን ወደ መስመር የሚለውጥ ስሌት ግን የስሙን ባለቤት ማወቅ አያሻውም፤ እንዲህም ሆኖ ብዙ የፋይል መቀየሪያዎች ሰነዱን ወደ ሩቅ ኮምፒዩተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨር፣ ወስደው «በኋላ እናጠፋዋለን» ይላሉ። ቃላቸውን ቢጠብቁ እንኳ የተጠበቀው አስቀድሞ ሊሰጥ የማይገባው አደራ ነው።

በ2017 በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሥራ ላይ የዋለው ዌብአሴምብሊ፣ ከባድ ስሌት በራሱ በብራውዘሩ ውስጥ እንዲከናወን የሚያስችል ዘዴ በመሆኑ፣ ሰነዱ ከባለቤቱ ማሽን ሳይወጣ እንዲቀየር መንገዱን አቅንቷል። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔቱን አቋርጦ ሰነዱን መቀየር፣ ግንኙነቱ ከመመለሱ በፊትም ገጹን መዝጋት ነገሩን ለመፈተን ይረዳል። እምነት ፈጽሞ አይቀርም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አለና። ማንንም ማመን የማይሻ ሰው ከማኅበራዊ ምግባር ይጎድላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ደብተራውን ያመነ ሰው ስሙን ለመንገደኛ ሁሉ ባለመንገሩ እምነት የለሽ አልተባለም።

ከባለቤቱ እጅ ያልወጣ ሰነድ ሁሉ ግን የተሰወረ አይደለም። ቬክተሩ ፊደሉን ወደ መስመር ለውጦት ከሆነ «ወልደ ሚካኤል» የሚለውን ስም ዓይን ያነበዋል፣ የኮምፒዩተር ፍለጋ ግን አያገኘውም፤ ፊደሉ እንደ ጽሑፍ ተትቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኤስቪጂ በውስጡ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ጥንቁቅ ነኝ ያለ ሰው በስሙ ላይ ጥቁር ሣጥን ቢደርብ ገጹ ሲታይ ስሙ የጠፋ ይመስላል፤ ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ የከፈተ ሰው ግን ሣጥኑ የሚሳልበትን መስመር አልፎ «ወልደ ሚካኤል»ን እንደተጻፈ ያገኘዋል፤ የቆዳ ስፌት የሚፈታበት ወረንጦ እንኳ አያስፈልገውም።