ቅኝትና ስሌት

የዜማ ደራሲ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ግዴታውም አብሮ ይለወጣልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዛሬ ግን ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው አገር የእጅ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ የሚጋፈጠው ሆኗል። ግጥም ጽፎ ዜማ ያጣ ሰው ሶፍትዌሩን ከፍቶ ጥቂት ድምፆች ቢሰጠው፣ ለእነርሱ የሚስማማውን እስኬል ይዘረዝርለታል፤ ኮርዱን ይደረድርለታል፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው መሻገሪያውን እንኳ ይጠቁመዋል። ለደራሲው የሚቀረው መምረጥ ብቻ ነው።

ይህን በጥርጣሬ ዓይን ብቻ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በደጋው አገር ዜማ የሚገበየው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ከአዝማሪ ቤት ነበር። የመጀመሪያው የብዙ ዓመት ደጅ ጥናት ይጠይቃል። ሁለተኛው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው፤ አዝማሪም ለሠርግ እየተጠራ ከሠርግ በኋላ እየተናቀ የኖረ በመሆኑ፣ ከዘሩ ያልሆነ ልጅ መሰንቆ ቢያነሣ ቤተሰቡ አይወድለትም ነበር። አዲስ አበባ ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ለስሜን ገበሬ ልጅ ሩቅ ነው። ማንንም ሳይለምኑና ሳያፍሩ ዜማን የሚሞክሩበት መሣሪያ መገኘቱ እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም። «ድሮ ቀረ» እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች የድሮው በር ለስንቱ ተዘግቶ እንደነበር ይዘነጉታል።

ክርክሩ የሚጀምረው መሣሪያው ምን ያውቃል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ስሌቱ የቆመው አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል እርከን በመክፈል ላይ ነው፤ በ1200 ሴንት መለኪያ ለእያንዳንዱ እርከን 100 ሴንት ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች መግባቢያም ድምፆችን ከ0 እስከ 127 በቁጥር ሲሰይም ይህንኑ የፒያኖ እርከን ተከትሏል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ሲሆኑ፣ የድምፆቹ ርቀት በፒያኖ ቁልፍ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። በመሰንቆ ከፈረስ ጭራ በተሠራው አንድ አውታር ላይ ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚወስነው ጆሮ ነው። ዋሽንት ሠሪም ቀዳዳዎቹን የሚበሳው በጣቱ እየለካ ነው። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበችውን የዶክትሬት ጥናት ለመሰንቆና ለቅኝት ጠባይ ማዋሏ የነገሩን ረቂቅነት ያመለክታል።

ትዝታን እንደ ምሳሌ ይወስዷል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን አምስት ድምፆች የተቀበለ ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ «ዶ ሜጀር» ብሎ ይፈርድና የፋንና የሶልን ኮርድ ያቀርባል። ከእነዚህም ጋር ፋና ሲ፣ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ ድምፆች፣ ሳይጋበዙ ይገባሉ። በአንቺሆዬማ ነገሩ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ሲቀርብለት በውስጡ የሚያገኘው ብቸኛ ሜጀር ኮርድ የፋ ነው፤ ስለዚህ ዜማው ዶ ላይ ሊያርፍ ሲል ኮርዱ ማረፊያውን ወደ ፋ ይስበዋል። ዜማው ከቤቱ ወጥቶ በሰው ቤት ያድራል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መደባለቅ በራሱ ነውር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን የተማረውን የጃዝ ኅብረ ድምፅ ከአምስቱ ድምፆች ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ሲፈጥር ያደረገው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ሙላቱ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚተው ማወቁ ላይ ነው።

በትውፊት የሕይወቱን ፍጻሜ በስሜን ተራሮች እንዳሳለፈ የሚነገርለት የያሬድ ዜማም ቆይቶ መሣሪያ ተበጅቶለታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሱት የሚነገረው የዜማ ምልክት ከፊደል በላይ የሚጻፍ ረቂቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለቀዳ ሰው ነው፤ ያላወቀውን አያስተምርም፣ ያወቀውን ያስታውሳል። የዛሬው ሶፍትዌር ግን ላላወቀው ይመልሳል፤ ያላወቀውም መልሱን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት በሠርግ ዳስ ውስጥ ይታያል። ኪቦርዱ በእኩል እርከኖቹ ሲነጎድ አንዲት ባልቴት የአገሩን ዘፈን ብታወርድ ድምጿ ከማሽኑ ጋር አይገጥምም፤ ያን ጊዜ «ከቅኝት ወጡ» የሚባሉት እርሷ ናቸው። ከልጅነታቸው የሰሙትን በትክክል እየዘፈኑ በገዛ ዳሳቸው ተሳሳቱ ይባላሉ። ፋብሪካ የሠራው ሚዛን ዳኛ ሲሆን የተመዘነው ሰው ማፈር አለበትን? የሙዚቃ መምህር ተማሪው አስቀድሞ በአፉ እንዲያዜም፣ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን እንዲከፍት ቢያደርግ የጉዳዩ ግማሽ ይቃለላል።

ሌላው ግማሽ ይከብዳል። ከሶፍትዌሮቹ አንዳንዶቹ እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳሉ፤ ስለሆነም የደባርቅ መምህር የአንድ አዝማሪን ቅኝት ለክቶ ሊያስገባ ይችላል። ነገር ግን የዳባቱ አዝማሪ ሌላ ርቀት ቢያሰማ፣ ያው አዝማሪም ማታ ከጠዋቱ ጥቂት ቢለይ፣ ለልጆቹ ሁሉ መለኪያ ሆኖ የሚመዘገበው የማን መሰንቆ ነው?