ፍቅር በእስር ቤት ይኖራልን?



በቅርቡ በወጣቶች የውይይት ሰዓታችን አንድ ወንድም በናዚዎች የማጎሪያ ሰፈር ስለ ተዋደዱ ሁለት እስረኞች ያነበበውን ተረከልን። ሁላችንም ተመስጠን አዳመጥን፤ በመጨረሻም መጋባታቸውን ሲነግረን አጨበጨብን። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት፣ «ባይገናኙስ ኖሮ? እዚያው ቢሞቱ ኖሮ ፍቅራቸው ከንቱ ይሆን ነበር?» ስትል ጠየቀች። ማናችንም የሚረባ መልስ አልሰጠናትም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ጥያቄዋ መልስ ስለሚገባው ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ። ላሌ ሶኮሎቭ የስሎቫኪያ አይሁዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ አውሽቪትዝ ተወሰደና በእስረኞች ክንድ ላይ ቁጥር እንዲነቅስ ተመደበ። በዚያም ጊታ ከምትባል እስረኛ ጋር ተዋደደ። በ1945 መጀመሪያ ላይ ቢለያዩም፣ ነጻ ከወጡ በኋላ ተገናኝተው በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ በአውስትራሊያም እስከ እርጅና አብረው ኖሩ። ታሪካቸው በ2018 በልብ ወለድ መልክ ታትሞ በብዙ አገር ተነቧል። ይሁን እንጂ በዚያው ሰፈር ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከእነርሱም መካከል ባልና ሚስት፣ እጮኛሞች፣ እናትና ልጅ ነበሩ። የእህታችን ጥያቄ ስለ እነዚህ ነው።

የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክልና ባለቤቱ በተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው በ1942 ተይዘው ተጋዙ፤ በኋላም ተለያዩ። ፍራንክል በብርድ ማለዳ ወደ ግዳጅ ሥራ ሲነዳ የሚስቱ ፊት በሐሳቡ ይታየው እንደነበር፣ በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳያውቅ ፍቅሯ እንዳጸናው ጽፏል። እርሷ ግን በ1945 በሌላ የማጎሪያ ሰፈር ሞተች። እንግዲህ ያ ፍቅር ውሸት ነበር እንበልን?

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳንል፣ የገዛ ከተማችንን የሶዶን ታሪክ እናንሣ። የኢጣሊያ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸውም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ንባቦች ናቸው። ከዚያ በኋላ 50 ያህል መሪዎች ተይዘው ታሰሩ። እያንዳንዳቸው 100 ጅራፍ፣ አንዱም 400 ተገረፉ። ለወራት በጀርባቸው መተኛት አልቻሉም፤ ሦስቱም ሞቱ። በዚያ ዘመን ታስረው ከተገረፉት አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ናቸው።

እስር ቤቱ ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም ነበር። ዘመድ ያለው ስንቅ ይመጣለታል፤ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ግን ለታሰሩት ወገኖቻቸው ስንቅ በብዛት ከማመላለሳቸው የተነሣ ለሌሎቹም እስረኞች ይተርፍ ነበር። እንሰት ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ስንት ድካም እንዳለበት የወላይታ ልጅ ያውቀዋል። እነዚያ ሰዎች በጠላት አገዛዝ ሥር ሆነው ከራሳቸው ጉሮሮ ከፍለው፣ ለማያውቁት፣ ብድር ለማይመልስ ሰው አበሉ። የበሉትም ሲፈቱ «ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» እያሉ አማኞችን ፈልገው መጡ። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አማኞቹ 10,000 ያህል ሆነው አገኟቸው።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «መከራ ፍቅርን ይወልዳል» ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ያው ረኀብ ሌላውን ሰው የባልንጀራውን ቁራሽ እንዲሰርቅ አድርጎታል። ጅራፍም ረኀብም በራሳቸው ክፉ ናቸው፤ ልናመሰግናቸው አይገባም። ፍቅር ወደ እስር ቤቱ የገባው ተሸክመውት በመጡ ሰዎች እጅ ነው።

ስለዚህ ለእህታችን እንዲህ ብለን እንመልሳለን። ከንቱ አይሆንም ነበር። ዛሬ የተራበ ሰው የበላው እንጀራ፣ ነገ ቢሞት እንኳ፣ ያልተበላ አይሆንም። የተወደደም ሰው ያልተወደደ ሊሆን አይችልም። በሶዶ የሞቱት ሦስቱ ሰዎች ነጻነትን አላዩም፤ ወገን ሳይኖራቸው ግን አልሞቱም። የፍቅር ታሪክ ተስፋው በመጨረሻው ገጽ ላይ በሚደረገው ሠርግ ብቻ አይደለም።

ይህን ከጻፍን ዘንድ ስለ ራሳችንም እውነቱን መናገር አለብን። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንድ ወንድም ታሞ ከሁለት ወር በላይ ተኛ። መዝሙራችን አልተቋረጠም፤ ስለ ፍቅርም ሁለት ጊዜ ተምረናል። ከእኛ ሄደው የጠየቁት ግን አራት ብቻ ናቸው። ምግብ ያመላለሱለት እናቱ ብቻቸውን ነበሩ። ከዚያው ምግብ አጠገቡ ለተኛው ዘመድ ለሌለው በሽተኛ ያካፍሉ እንደነበር የሰማነው ቆይቶ ነው፤ ስንሰማም አፈርን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታመመንና የታሰረን መጠየቅ እርሱን እንደ መጠየቅ መቁጠሩን በቃል የምናውቅ ወጣቶች፣ እኒያ እናት ያደረጉትን አላደረግንም።

ብዙዎቻችን የትዳር ጓደኛ በምናስብበት ዕድሜ ላይ ነን። ስለ መልክ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት እንጠያየቃለን። ከእነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ እኔና አንቺ፣ እኔና አንተ የምንዋደደው ፍቅር ለሁለታችን ብቻ የሚበቃ ነው ወይስ ለሦስተኛ ሰው የሚተርፍ? በፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታል የምንሄድ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዳችን ከቤታችን ስንቅ ይዘን እንምጣ። ጠያቂ የሌለው ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለንና፣ ስንቋጥር ትንሽ እንጨምርበት።