ሕመም ከሥራ ቢያስወጣም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ልጆቼ፣ አንዲት እኅታችንን የወገብ ሕመም ከሰው ቤት ሥራ ያለ ጊዜዋ አስወጣት። ተኝታ ደብተር ላይ ልብ ወለድ ጻፈች፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ አሁን በራሷ ወጪ ልታሳትመው ነው። «በሽተኛ ጸበሏን ትጠጣ፣ ልብ ወለድ ምን ያደርግላታል?» ያሏት አሉ።

ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ ያስተማረው በምሳሌ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልራቀለትም፤ መልእክት መጻፉን ግን አልተወም። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈለት ጤርጥዮስ ነው። ሐዋርያው ረዳት ካስፈለገው እኅታችንንም ያስፈልጋታል።

አንቺ ልጄ፣ የመድኃኒትሽን ገንዘብ ለማተሚያ ቤት አትስጪ። አስቀድመሽ የሚገዛውን ሰው ቁጠሪ፤ ባልተሸጠ መጽሐፍ የቤት ኪራይ አይከፈልም። እናንተም «በነፃ ስጪን» አትበሏት፤ ገዝታችሁ አንብቡላት።

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት፤ የጀመረችውን ያስፈጽማት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።