አንጓ

ባለፈው ነሐሴ ከመካነ ኢየሱስ ዳርቻ አንድ የገብስ ማሳ አጠገብ ቆሜ ነበር። ነፋስና ዝናብ አጋድሞታል። ባለቤቱን «ከእንግዲህ ምን ይሆናል?» ብላቸው «ይነሣል፤ አንጓው ገና ለጋ ነው» አሉኝ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ አገዳው እንደ ክርን ከአንጓው ላይ ታጥፎ ራሱን ቀና አድርጓል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ሳይንስ አንጓን «ኖድ» ይለዋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቋጠሮ ነው። በእጽዋት ጥናት ቅጠል የሚበቅልበት ቦታ ነው። በሥነ ፈለክ ደግሞ የጨረቃና የፀሐይ መንገዶች በሰማይ ላይ የሚሻገሩባቸው ሁለት ነጥቦች ኖድ ይባላሉ። አዲስ ጨረቃ በየወሩ ብትወለድም ፀሐይን የምትጋርደው ከእነዚህ ነጥቦች አጠገብ ስትደርስ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት መስላ የታየችው እንዲህ ተገጣጥመው ነው።

በኮምፒውተር መረብ ውስጥም መልእክት የሚቀበልና የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሁሉ ኖድ ነው። በእጃችን ያለው ስልክም እንደዚያው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለ አንድ ወንድም በስልኬ የደረሰኝን ወሬ ሳላጣራ ለ15 ሰዎች ላክሁ። ወሬው ሐሰት ነበር። በመጀመሪያ ራሴን «እኔ አልፈጠርሁትም፤ የደረሰኝን ነው የላክሁት» ብዬ አጽናናሁ። በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ይቅርም አለኝ። ወሬውን ግን ከሄደበት መሰብሰብ አልቻልሁም።

ታዲያ ያስተላለፈ ብቻ በደለኛ ነውን? መልሱን ከገዛ ሰውነታችን አገኘሁት። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ያብጣል። ይህም ኖድ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። ፈሳሹን ያሳልፋሉ፤ ጀርሙን ግን ይዘው ይታገሉታል። የሚያብጡትና የሚያሙን ስለሚታገሉ ነው። ሁሉን ቢያሳልፉ ሕመም ባልተሰማን ነበር፤ መርዙ ግን ወደ ደማችን በደረሰ።

እንግዲህ መገናኛ መሆን ከኃላፊነት አያድንም፤ ኃላፊነቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። የስልኩ ኖድ አይመርጥም፤ እኛ ግን እንመርጣለን። ዝም ማለትም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ የተራበ ሰው ዜና እኛ ጋ ቢቆም ያም በደል ነው። የስም ማጥፋት ወሬ ግን እኛ ጋ ይቁም። «ለምን አልላክህም?» የሚል ወዳጅ ቢቀየመን፣ ያ የንፍፊቱ ሕመም ነው።

ገብሱ የተነሣው ከአንጓው ነው። ስሙ የወደቀ ወንድም ወደ እናንተ ሲደርስ ይነሣል ወይስ ተጋድሞ ይቀራል?