ከተማውን የሚውልበት ይምረጠው

ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ልትኖሩ እንዳሰባችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊትም መኪና ይዛችሁ ቢሾፍቱን፣ አዳማን፣ ባቱንና ሐዋሳን ልታዩ እንደሆነ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው አገር የሚቀይረው ኪራይ ሲያባርረው ወይም ዘመድ «እኔ ዘንድ ና» ሲለው ነው። እናንተ አይታችሁ ልትመርጡ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ በነርስነት የሠራሁት በዚያው በስምጥ ሸለቆ ስለሆነ የማውቀውን ሳልነግራችሁ እንድትነሱ አልፈልግም።

መጀመሪያ ላንተ። መሪውን የምትይዘው አንተ ነህ። የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነው ነጂው ነው፤ በዚያው ሳይታወቀው ከተማውንም እሱ መርጦ ይገኛል። አንተ ደግሞ የመንገድ መሐንዲስ ነህ። ሥራህ ሳይት ላይ ነው፤ ዘንድሮ ባሌ ብትሆን ከርሞ ጋሞ ነህ። ቤትህ የምትገባው በወር አንዴ፣ ሲቀናህ በአሥራ አምስት ቀን ነው። ከተማው ውስጥ የምትውለው፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዛ የምትወጣው፣ ልጅ ሲያተኩሰው በሌሊት ባጃጅ የምትፈልገው እሷ ናት። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የእሷ ቃል ከቃልህ ይበልጥ መመዘን አለበት። ባሎቻቸው መርጠው ያመጧቸው፣ ሙያ እያላቸው ቤት የዋሉ፣ ራስ ምታት ነው ብለው ክሊኒክ የሚመላለሱ ስንት ሴቶችን አክሜአለሁ። ራሳቸውን ያመማቸው ሰው ማጣት ነበር።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ «አንተ ከወደድከው» ብለሽ ነገሩን አትዝጊው። ፍቅር ይመስላል እንጂ ሸክሙን ሁሉ እሱ ላይ መጣል ነው፤ ኋላ ሲከፋሽ የምትወቅሺውም እሱን ይሆናል። ፋርማሲስት ነሽና በየከተማው ስትደርሱ መጀመሪያ ወርደሽ መድኃኒት ቤቶቹን እያቸው። ገብተሽ ራስሽን አስተዋውቂ፤ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆዩ ጠይቂ። የሙያ ባልደረባ ለሙያ ባልደረባው እውነቱን ይናገራል።

ቋንቋውንም አስቢበት። ቢሾፍቱ፣ አዳማና ባቱ ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው፤ የመንግሥት ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ ዋና ከተማው ናት፤ የቢሮውን ቋንቋ እዚያው ጠይቂ። ገበያ ላይ በሁሉም ቦታ አማርኛ ያግባባሻል። ግን ከገጠር የመጣች እናት የልጇን ሽሮፕ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰጥ በትክክል የምትረዳሽ በራሷ ቋንቋ ስትነግሪያት ነው። እኔ ባቱ አካባቢ ስመደብ ኦሮምኛን ከጤና ጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ጋር ቡና እየጠጣሁ ነው የተማርኩት፤ ሰዉ ልቡን የከፈተልኝም ከዚያ በኋላ ነው። ከሄዳችሁ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ተማሩ። የሚወለደው ልጅ በምን ቋንቋ እንደሚማርም ትምህርት ቤት ገብታችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜና እሑድ አትሂዱ። ቅዳሜ ቢሾፍቱ የምታዩት ለመዝናናት የወጣውን የአዲስ አበባን ሰው ነው። ሥራ ባለበት ቀን፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድረሱ፤ ተማሪው ሲገባ፣ ሠራተኛው ታክሲ ሲጠብቅ፣ ቀበሌው በር ላይ ሰልፍ ሲያዝ እዩ። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፣ አየሯም ደስ ይላል። አሁን ግን በአቅራቢያዋ ትልቁ አዲስ አየር ማረፊያ ስለሚሠራ የቦታውን ነገር በጥንቃቄ ያዙት፤ በወሬ የተሰቀለ ዋጋ ከፍላችሁ ለዓመታት አቧራና ገልባጭ መኪና ታተርፉ ይሆናል። አዳማ ሥራ አታሳጣም፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ጭነት የሚያልፍባት ናት፣ የፍጥነት መንገዱም በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ እናትሽ ዘንድ በጠዋት ሄደሽ ማታ ትመለሻለሽ። ሙቀቷን ግን በጥር አትመዝኑት፤ በሚያዝያ እዩት። በክረምትም አንዴ ተመለሱ፤ ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነች ዝናብ ሲጠና ጎርፍ የሚገባባቸው ሰፈሮች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ የባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል።

ሐዋሳን ትወዷታላችሁ፤ እኔም እወዳታለሁ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳችሁ አባ ኮዳዎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ሲተራመሱ እያያችሁ ዓሣ ስትበሉ፣ «እዚህ እንኑር» ማለታችሁ አይቀርም። እዚያ ቁጭ ብላችሁ አትወስኑ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች መጡ፤ ኪራይ ናረ፣ ሱቅ በዛ። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን በ2014 ዓ.ም. ስትዘጋ አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ለቀው ወጡ፤ ልጆቹም ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ከተማው በአንድ ሥራ ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ፣ ያ ሥራ ቢቆም አንቺ የምትሠሪው ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ለእናትሽም ርቀቱን አስቢ፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ የሚሠራው የፍጥነት መንገድ ያሳጥረዋል፣ የቱ ክፍል እንደተከፈተ ባልሽ ከኔ የተሻለ ያውቃል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ ከጨለመ አትንዱ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ውሃው።

ባቱ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ስሠራ ለተማሪዎች ምርመራ ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ጎበዝ፣ ጥያቄ የምትመልሰው እጇን አውጥታ ሳይሆን አፏን በመዳፏ ሸፍና ነበር። ጓደኞቿ ሲያስቋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አፍሽን ክፈቺ ስላት እንባዋ መጣ። የፊት ጥርሶቿ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሆነው፣ ጫፋቸው ተቦርቡሯል። ጥርሷን በከሰልና በመፋቂያ ፍቃ ፍቃ ድድዋን አቁስላዋለች። የሰፈሯ ሰው የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ጥሩ፣ ኩልል ያለ ውሃ ነው የሚመስለው።

ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ስለሆነ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። አይሸትም፣ ቀለም የለውም። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበረታል። ክሎሪን ምንም አያደርገውም። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንት የልጅነት ዓመታት። እናንተ አዲስ አበባ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ አሥር ዓመት ብትጠጡት ጥርሳችሁ እንደነጣ ይኖራል። የሚጎዳው እዚያ የምትወልዱት ልጅ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አንገትና ወገብ ይደርቃል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቀራል። ይህ በአገራችን ወንጂ ላይ፣ በስኳር እርሻው ሠራተኞች ዘንድ በሚገባ ተጠንቷል።

ይህ ማለት እነዚህ ከተሞች አይኖርባቸውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የአዳማ ከተማ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተስቦ የሚጣራ ነው። ከተማው ዳር፣ ኪራይ በሚረክስበት አዲስ ሰፈር ግን ቧንቧው ሳይደርስ ከግል ጉድጓድ የሚቀዳ ይኖራል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ሳሎኑን ከማየታችሁ በፊት «ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» በሉ። አከራዩ ካላወቀ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ምንጩንና የፍሎራይዱን መጠን ጠይቁ። ሌላም ቀላል መንገድ አለ፤ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በር ላይ ቁሙና ሲስቁ ጥርሳቸውን እዩ። እዚያው ተወልደው ያደጉትን እንጂ ትናንት የመጡትን አይደለም። በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚመጣም ጎረቤት ጠይቁ፤ አከራይ «ሁልጊዜ አለ» ነው የሚለው።

ወባም አለ። አራቱም ከተሞች ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። አጎበር ከአልጋው ጋር ይገዛ፤ ትኩሳት ከጀመረ 24 ሰዓት ሳይሞላ ደም ይታይ። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለእሱ ነው የምናገረው፤ ሳይት ላይ «ድካም ነው» ብሎ የሚተኛ እሱ ነው።

ቀጥሎ እድር። ሰፈሩን ከወደዳችሁት የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። አዲስ ገቢ ይቀበላሉ ወይ፣ መግቢያው ስንት ነው፣ ተከራይ ይመዘገባል ወይስ ባለቤት ብቻ? ከዚህ መልስ ስለ ሰፈሩ ብዙ ትረዳላችሁ። ተከራይን የማይመዘግብ እድር ያለበት ሰፈር ውስጥ፣ ባልሽ ሳይት ላይ እያለ ሐዘን ቢደርስብሽ ድንኳን የሚተክልልሽ የለም። እኔ የማላውቀው አገር ተመድቤ አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ሦስት ቀን አብረውኝ ያደሩት ከመጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የእድር ሰዎች ናቸው። የሰፈር ሴት ቡና ብትጠራሽ «እንቸኩላለን» እንዳትዪ። ሦስተኛውን በረካ ሳትጠጪ አትነሺ፤ ስለ ሌባው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የምትሰሚው እዚያ ነው። አንተ መኪናውን ቆልፈህ ጠብቅ፤ ወይም ግባና አብረህ ጠጣ፣ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ ከተማ ልባችሁን ከገዛው፣ አትግዙ፤ ተከራዩ። ክረምትንም በጋንም ሳታዩ ቦታ አይገዛም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ እናንተ በምትሄዱበት ከተማ ሥራ ላይ ውሎ እንደሆነ እዚያው ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። «ርካሽ ቦታ አለ፣ ካርታው በቅርቡ ይወጣል» የሚላችሁ ደላላ መምጣቱ አይቀርም። የገበሬ መሬት በወረቀት ውል ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ ኋላ የፈረሰባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ካርታውን በዋናው መዝገብ ላይ፣ መሬት አስተዳደር ቢሮ ውስጥ፣ ሁለታችሁም በዐይናችሁ ሳታዩ አንድ ብር ቀብድ አትስጡ። ሲገዛም በሁለታችሁ ስም ይሁን፤ ሳይት ላይ ነኝ ብለህ ውክልና ሰጥተህ አትቅር፣ ፈቃድ ጠይቀህ ና።