በውቅያኖስ ዳር የሚገባ ቃል ኪዳን ምስክሩ ማን ነው?

ኩብለላ የሚለው ቃል በውስጡ ሽሽት አለበት። ኮበለለች የምትባል ልጅ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ጥሎሽ ሳይቆረጥ፣ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ የወደደችውን የተከተለች ናት። ከጠለፋ የሚለየው በገዛ ፈቃዷ መሄዷ ነው፤ ይህ ልዩነት ደግሞ ትንሽ አይደለም። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝኛ ‘ኩብለላ’ ማለት በሆነው በድሮ ስሙ የሚጠራው የሠርግ ዓይነት ግን ሽሽቱን ትቶ ፈቃዱን ብቻ ይዟል። ሁለት ሰዎች፣ ወላጆቻቸው እያወቁ፣ አንዳንዴም መርቀው እየሸኟቸው፣ ብዙ ሰው የሚጠራበትን ድግስ ትተው ወደ ተራራ ወይም ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ እዚያም ጥቂት ሰው ባለበት ቃል ይገባባሉ። ወራት የሚፈጅ ዝግጅት ስላለው ድንገተኛ ኩብለላ ሊባል አይችልም። ከዝግጅቱ ሥር ግን ሃይማኖቶችና ፈላስፎች ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ አለ፦ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው የሁለቱ ፈቃድ ከሆነ፣ የሌላ ሰው መኖር ምን ይጨምርለታል?

ለዚህ ዓይነቱ ሠርግ በብዛት ከሚመረጡት ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1938 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻው በ1953 እ.ኤ.አ. ተጨመረለት። ዳርቻው ወደ 117 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሩቢ ቢች፣ ሪያልቶ ቢችና ሌሎቹም የዳርቻው ስፍራዎች የታወቁት ሰማይ ጠቀስ በሆኑ ጥቋቁር አለቶቻቸው ነው፤ ማዕበሉ ከየብሱ ቆርጦ ያስቀራቸው እነዚህ አለቶች በውኃው መካከል ለብቻቸው ቆመዋል፣ አናታቸው ላይ ዛፍ የበቀለባቸውም አሉ። ከሪያልቶ ወደ ሰሜን 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር ላይ ከተሄደ ማዕበል የቦረቦረው የአለት በር ይገኛል። በዚያ በር ማለፍ የሚቻለው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን የሚቆርጠው ባሕሩ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከፍታው ግን ሁለቱንም ጊዜ እኩል አይደለም፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ሙሽሮቹ የባሕሩን ሰሌዳ ሳያዩ ቀን ቢቆርጡ የመረጡት አሸዋ በሰዓቱ ከውኃ በታች ሊሆን ይችላል። ወንዞች ከደን እየጠረጉ ያመጧቸው ግዙፍ ግንዶች በዳርቻው ተጋድመዋል፤ ለመቀመጫ የሚጋብዙ ቢመስሉም አንድ ከባድ ሞገድ ሲያነሣቸው ሰው ይገድላሉ፣ በዳርቻውም ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። አካባቢው በዓመት ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚያገኝ እዚያ በጋ በሆነው በሐምሌም ቢሆን ጃንጥላ ይያዛል። ለሠርግ ከፓርኩ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ድሮን ማብረር ክልክል ነው፤ ሩዝ ወይም አበባ መበተንም አይገባም፣ ከሌላ አገር የመጣ ዘር በዚያ ምድር እንዳይበቅል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለተነሣንበት ጥያቄ የሚቀርበው ግን የግዛቱ ሕግ ነው። የጋብቻ ፈቃዱ ከካውንቲ ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ነው፣ የሚያገለግለውም ለ60 ቀን ነው። ሕጉ ስለ ሥርዓቱ መልክ ምንም አይወስንም። መዝሙር ቢኖር ባይኖር፣ ቬሎ ቢለበስ ባይለበስ፣ አዳራሽ ይሁን አሸዋ ግድ የለውም። አንድ ነገር ግን አይለቅም፦ ሁለቱ ሰዎች አንዱ አንዱን የትዳር ጓደኛ አድርጎ መቀበሉን ሥልጣን ባለው አጋቢና ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት መናገር አለባቸው። ከሰው ሁሉ ርቆ፣ የዓለም ጫፍ በሚመስል ዳርቻ ለመጋባት የሚመጣ ጥንድ ሌላው ሁሉ ቢቀርለት እነዚህ ሦስት ጥንድ ጆሮዎች አይቀሩለትም። ፊርማው አንዳንዴ የሚፈረመው በመኪና ኮፈን ላይ ነው፤ ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስደው አንዱ በመዳፉ ይጫነዋል፣ ከባሕሩ በሚነሣው ርጭት የራሰው ወረቀት እስክሪብቶውን እምቢ እያለ ስሙ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

የምዕራቡ ክርስትና ያለ እነዚህ ጆሮዎች መኖር ይቻል እንደሆነ ፈትኖት ያውቃል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቁ ጴጥሮስ ሎምባርድ ጋብቻን የሚያጸናው ሁለቱ በአሁን ጊዜ ቃል ‘እቀበልሃለሁ፣ እቀበልሻለሁ’ መባባላቸው ነው ብሎ አስተማረ፤ ከ1159 እስከ 1181 እ.ኤ.አ. በመንበሩ የነበረው የሮም ጳጳስ አሌክሳንደር 3ኛም በውሳኔዎቹ ይህን አጸና። ትምህርቱ ለሰው ልጅ ትልቅ ክብር ነበረው፤ አባት ልጁን ያለ ፈቃዷ ሊድራት እንደማይችል ይናገራልና። ጉዳቱ የመጣው በዚያው በክብሩ በኩል ነው። በጓሮ ወይም በመስክ ለብቻቸው ቃል የተገባቡ ሰዎች እውነተኛ ባልና ሚስት ሆኑ፤ ነገር ግን ወንዱ ከዓመት በኋላ ‘አላልኩም’ ቢል ሴቲቱ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች በዚህ ዓይነት ክርክር ተሞሉ። በመጨረሻ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1563 እ.ኤ.አ. የደብሩ ካህንና ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች የሌሉበት ጋብቻ ከእንግዲህ እንዳይጸና ደነገገ። ጉባኤው ያለፉት የድብቅ ጋብቻዎች እውነተኛ እንደነበሩ አልካደም፤ ፈቃዱ እውነት ሆኖ ሳለ ብቻውን መቆም እንዳቃተው ግን አየ።

እንግሊዝ ወደዚህ ውሳኔ የደረሰችው በ1753 እ.ኤ.አ. በወጣው የጋብቻ ሕግ ነው። ሕጉ በስኮትላንድ ስላልሠራ፣ ወላጅ የከለከላቸው ወጣቶች ድንበሩን ተሻግረው መጀመሪያ በሚያገኟት በግሬትና ግሪን መንደር መጋባት ጀመሩ። በዚያ ካህን አያስፈልግም ነበር፤ አንጥረኛው በመስፉ ፊት ያጋባቸው ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. የ21 ቀን ነዋሪነት ግድ ሆነ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንዲህ ያለው ጋብቻ ፈጽሞ ቀረ። ከአባት ቁጣ የሚያመልጡት እነዚያ ጥንዶች እንኳ ባዶ ሜዳ አልፈለጉም፤ ቃላቸውን የሚሰማ አንጥረኛ ፈለጉ። ኩብለላው ከአንድ ማኅበረሰብ ወጥቶ ሌላ ትንሽ ማኅበረሰብ ፍለጋ ነበር።

ሃይማኖቶች ምስክርን የሚያዩት በአንድ ዓይን አይደለም። በአይሁድ ሕግ ሁለቱ ብቁ ምስክሮች ማስረጃ ብቻ ሳይሆኑ የጋብቻው አካል ናቸው፤ ያለ እነርሱ ሁለቱም ‘ተጋብተናል’ ብለው ቢያምኑ እንኳ የተፈጸመ ነገር የለም። በእስልምና አብዛኞቹ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) በኒካሕ ጊዜ ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩ ይጠይቃሉ፤ የማሊኪ ሊቃውንት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠብቁት ጋብቻው ይፋ መውጣቱን ነው። በወሊይ፣ ማለትም ሴቲቱን በሚድረው ጠባቂ ጉዳይ፣ ሐነፊዎች ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷን መዳር እንደምትችል ሲፈቅዱ፣ ሌሎቹ ወሊይ ከሌለ አይሆንም ይላሉ። ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች በነባር ልማዳቸው አጋቢ ካህን የላቸውም፤ ጥንዶቹ በጉባኤው ዝምታ መካከል ተነሥተው እርስ በርሳቸው ቃል ይገባሉ፣ ከዚያ በቦታው የተገኘው ሁሉ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ካህኑ በቀረበት ስፍራ ምስክሩ በዛ፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። የሚያጸናው በካህኑ ጸሎት የሚወርደው የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ነው፤ ሙሽሮቹም አብረው ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ስለዚህ በሩቢ ቢች አሸዋ ላይ ተክሊል ሊደርስ አይችልም፤ ቅዳሴ የሚቀደስበት መንበር የለምና። በአማራው ባህል ከቁርባን ሌላ በሰማንያ የሚጸናው ጋብቻ ነበር፣ አለም። እዚያ ካህን ግድ ባይሆንም ዋስ ግድ ነበር። ‘ዋስ’ የሚለው ቃል ከ‘ምስክር’ የሚርቀው እዚህ ላይ ነው፦ ምስክር ያየውን ይናገራል፣ ዋስ ግን ላላየው ለነገው ይያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይጠይቃል።

ከፈላስፎች መካከል ጥያቄውን በግልጽ የያዘው ሄግል ነው። ፍሪድሪሽ ሽሌግል በ1799 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ፍቅር በራሱ ስለሚበቃ ሥርዓቱ ትርፍ ነው ወደሚል አሳብ አዘንብሎ ነበር። ሄግል በሕግ ፍልስፍና መጽሐፉ ይህን ተቃወመ። በእርሱ አሳብ በሰው ፊት የሚነገረው ቃል አስቀድሞ ለተጠናቀቀ ስሜት የሚደረብ ጌጥ አይደለም፤ ስሜቱ ከሚለዋወጥ ዝንባሌ ወጥቶ ሁለቱን የሚያስር ነገር የሚሆነው ሲነገር ነው። ክርክሩ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ስንት ሰው መስማት እንዳለበት አይነግረንም። መቶ ሰው የበላበት ድንኳን ከሁለት ሰው ይልቅ ቃሉን ያጸናዋል የሚያሰኝ ምክንያት ከሄግል አይገኝም። የድግሱ ብዛት የቃሉ ክብደት ነው የሚሉ ዘመዶች በዚህ ተሳስተዋል፤ ብዙ ቤተሰብ በብድር ለደገሰው ሠርግ ዕዳ ለዓመታት ከፍሏል።

የሚገርመው፣ ኮብላይና ወላጅ ፊት ለፊት የሚከራከሩበት እጅግ የቆየ ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ይገኛል። ያዕቆብ ሁለቱን ሚስቶቹን፣ ልጆቹንና መንጋውን ይዞ ከአማቱ ከላባ ቤት ሳይሰናበት ሄደ። ላባ ሰባት ቀን ተከታትሎ በገለዓድ ተራራ ደረሰበት። አቤቱታው የዛሬ እናትና አባት ከሚሉት አይለይም፦ በዘፈንና በበገና እንዳልሸኛቸው፣ ልጆቹንም እንዳይስማቸው መደረጉን ነው የሚናገረው። ላባ በሌላ ነገር ተንኮለኛ ሰው ነው፤ በዚህ ግን ሐዘኑ እውነት ነው። ያዕቆብም በበኩሉ ሃያ ዓመት በቀትር ሐሩርና በሌሊት ቁር ማገልገሉን፣ ደመወዙም እየተለዋወጠ መበደሉን ይዘረዝራል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ከዚያ ድንጋይ ሰብስበው ክምር አደረጉ፣ በክምሩም ላይ እንጀራ በሉ፣ ክምሩንም ምስክር አሉት። ላባ ያኔ የተናገረው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ድንጋዩ የሚመሰክረው ስላለፈው መኮብለል አይደለም። ያዕቆብ ወደፊት ሴቶች ልጆቹን ቢበድል ወይም በላያቸው ሌላ ቢያገባ፣ ሰው ባይኖር እንኳ በመካከላቸው እግዚአብሔር እንደሚያይ ነው። ድንጋዩ የዋስ ሥራ ተሰጠው። ድንጋይ ብቻውን ግን ዋስ አልሆነም፤ ከክምሩ በስተ ጀርባ ታሪኩን የሚያውቁ፣ አብረው የበሉ፣ ቢያስፈልግ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

ሩቢ ቢችም ጎብኚዎች አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ በሌላው ላይ እየደረደሩ በሚተዉት ክምር ይታወቃል። በዚያ የሚጋቡ ጥንዶች ባሕሩንና አለቱን ምስክር ማድረግ የሚፈልጉበት ስሜት ከንቱ አይደለም፤ ሙሴም በኦሪት ሰማይና ምድርን ምስክር ጠርቷል። የእነዚህ ጥንዶች ስሕተት ካለ የሚገኘው ሌላ ስፍራ ነው። ሕጉ ሁለት ምስክር ስለሚጠይቅ ብቻ ብዙዎች ፎቶ አንሺውንና ረዳቱን ያስፈርማሉ። የካውንቲው መዝገብ ይህን ይቀበላል፣ ጋብቻውም ጽኑ ነው። ፎቶ አንሺው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ጥንድ አለው። በሦስተኛው ዓመት ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ለየብቻ ሲያድሩ በሩን የሚያንኳኳ፣ ‘ያን ቀን ምን እንዳላችሁ እኔ ሰምቻለሁ’ የሚል ሰው አይሆንላቸውም። ምስክርነት ፊርማው ሲደርቅ የሚጀምር ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ መቶ ሰው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱን የሚያውቁ፣ ለመቆጣትም ለማስታረቅም መብት የተሰጣቸው። በሀገር ቤት ሚዜና ሽማግሌ ይህን ሸክም ሲሸከሙ ኖረዋል።

በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከዚህ ዳርቻ በመኪና የአራት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ናቸው። ከልጆቻቸው አንዱ እዚያ ማግባት ቢፈልግ፣ በቤተሰቡ መካከል የሚነሣው ክርክር ላባና ያዕቆብ የተከራከሩት ነው። መፍትሔውም ከእነርሱ ሊወሰድ ይችላል። ሽማግሌ አስቀድሞ ተልኮ፣ ወላጅ መርቆ፣ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው አብሮ ተጉዞ ቢፈርም፣ ቀሪው ዘመድ በድግስ አለመጠራቱ ቅሬታ እንጂ ቁስል አይሆንም። የተዋሕዶ ልጆች ከሆኑ በዳርቻው የተፈጸመው የሕግ ጋብቻ ነው፤ ሥርዓቱ ከጾም ውጭ ባለ ቀን በቤተ ክርስቲያን ይጠብቃቸዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ተነሥተው፣ ሳይሞላ ይመለሳሉ። አጋቢው የተፈረመውን ወረቀት በ30 ቀን ውስጥ ወደ ካውንቲው ይልካል፤ የሁለቱ ምስክሮች ስምም ከሙሽሮቹ ስም ጋር በአንድ ገጽ ይመዘገባል።