ጌጡና ዕዳው

ውበት የተገኘበትን ዋጋ ይሰውራልን? ወይስ ይመሰክርበታል? የኤዶን ሴተኛ አዳሪዎች የሚያሳዩት የጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ይህን ጥያቄ አጥብቀው ያነሣሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1765 ጀምሮ የኅብረ ቀለም ኅትመት በኤዶ፣ በዛሬይቱ ቶኪዮ፣ ተስፋፋ። ሠዓሊው ይነድፋል፤ ጠራቢው በእንጨት ላይ ይቀርጻል፤ አታሚው ቀለሞቹን በየተራ ያሳርፋል፤ ወጪውን ችሎ ለገበያ የሚያቀርበው ግን አሳታሚው ነጋዴ ነበር። ኢሶዳ ኮርዩሳይ ከ1770ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ባወጣቸው ከመቶ በላይ ተከታታይ ሥዕሎች፣ በመንግሥት ፈቃድ የተቋቋመው የዮሺዋራ ሠፈር ሴቶች አዲስ ንድፍ ያለው ኪሞኖ ለብሰው፣ ሕፃናት አገልጋዮቻቸውን አስከትለው ይታያሉ። ሥዕሎቹ የፋሽን ማስታወቂያም ነበሩ።

ማስታወቂያው ግን የማይናገረው ነበር። ዮሺዋራ በውሃ ቦይ የተከበበ፣ አንድ ዋና በር ብቻ የነበረው ሠፈር ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ድኻ ወላጆቻቸው አስቀድመው ለወሰዱት ገንዘብ መያዣ ሆነው በልጅነታቸው የገቡ ነበሩ። በሥዕል የሚታዩት ባለ ማዕረግ ሴቶች የልብሳቸውንና የአገልጋዮቻቸውን ወጪ የሚሸፍኑት ራሳቸው ስለ ነበሩ፣ ጌጡ በተጨመረ ቁጥር ዕዳው ይከብድ፣ የነጻነታቸውም ቀን ይርቅ ነበር። ዓይንን የሚማርከው ሐር ለለባሿ ሰንሰለት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሥዕሎቹ ሊኮነኑ ይገባልን? ኪታጋዋ ኡታማሮ የዮሺዋራን ቀንና ሌሊት በአሥራ ሁለት ክፍል ከፍሎ በ1794 ገደማ በሠራው ተከታታይ ሥዕል ውስጥ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከመኝታዋ የተነሣች አንዲት ሴት አለች። የሚነድ የወረቀት ጧፍ በአንድ እጇ ይዛ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን ወደ ታች እያየች፣ እግሯን ወደ ጫማዋ ትሰዳለች። አሳታሚው ሱታያ ጁዛቡሮ በዮሺዋራ የተወለደ፣ የሠፈሩን መመሪያ መጻሕፍት በማሳተም የታወቀ ነጋዴ ነበር። ሆኖም ለንግድ በወጣው በዚያው ወረቀት ላይ ድካሟ አልተሸሸገም።

ስለዚህ ጥበብ ገንዘብ ከከፈለባት ሰው ፍላጎት አልፋ ልትመሰክር ትችላለች፤ ምስክርነቷን መስማት ግን የተመልካቹ ድርሻ ነው። በ1872 የሴቶቹን የእስራት ውል የሚሽር አዋጅ ቢወጣም፣ በፈቃድ የሚካሄደው ንግድ ቀጠለ፤ የሚከለክለው ሕግ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለው በ1958 ነው። ሴቶቹ አልፈዋል፤ ሥዕሎቹ በየሙዚየሙ ይደነቃሉ። ሥዕሎቹን መጣል የሴቶቹን ምስክርነት ማጥፋት ይሆናል፤ በልብሱ ተደንቆ ብቻ ማለፍም የነጋዴውን ማስታወቂያ ዳግመኛ ማመን ነው። ፍትሐዊ አድናቆት የልብሱን ውበት አይቶ፣ ዋጋውን የከፈለችው ማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ ነው።